ከተሸካሚነት ወደ ለኪነት፦ የማዕዘን ወራጅና 17 ቁጥር



የዚህን ሳምንት ርእስ የሰጠን በአሜሪካ በቤት ግንባታ ላይ የሚሠራ አንድ ወንድማችን የጻፈልን ደብዳቤ ነው። «ግድግዳ ስናቆም ከማንም አላንስም» ይላል። «ጣሪያው ላይ ደርሰን የማዕዘኑ ነገር ሲመጣ ግን አለቃው እርሳሱን ከጆሮው ላይ ያነሣና እኔን እንጨት አምጣ ብሎ ይልከኛል። ስመለስ ተለክቶ፣ ተቆርጦ አገኘዋለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንጨቱን ስሸከም እንጂ ሲለካ አላየሁም።» ወንድማችን አገር ቤት ሳለ የሒሳብ መምህር እንደነበረ የገለጸልን በደብዳቤው መጨረሻ ላይ ነው።

እንግዲህ አስቡት። የፓይታጎራስን ሕግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለስንት ተማሪ ያስተማረ ሰው፣ ያው ሕግ ጣሪያ ላይ ሲወጣ እንጨት ተሸካሚ ሆኖ ቀረ። ነገሩን በአለቃው ተንኮል ብቻ ማሳበብ ይቻላል፤ ለእኛ ስደተኞች ደግሞ ማሳበብ አይቸግረንም። ዳሩ ግን በተሸካሚውና በለኪው መካከል ያለው ግድግዳ ከአንድ ቁጥር የበለጠ ውፍረት የለውም። ቁጥሩ 17 ነው። ዛሬ እሱን እናያለን። እርሳስና ወረቀት ያዙ።

እንዴት ያለ ጣሪያ ነው?

የአገራችን ጎጆ ክብ ነው። ወራጆቹ ሁሉ ከክቡ ግድግዳ ተነሥተው ወደ አንድ ጫፍ ይሰበሰባሉ። ርዝመታቸው አንድ ስለሆነ አንዱን የለካ ሁሉንም ለካ። ጎጆ ማዕዘን የለውምና የማዕዘን ጣጣም የለበትም። ባለ ሁለት ጎን ጣሪያም እንደዚያው ቀላል ነው፤ ሁለቱ ጎኖች መሐል ላይ ይገናኛሉ፣ ወራጆቹም እኩል ናቸው።

ጣጣው የሚመጣው ውሃውን ወደ አራቱም ጎን በሚያፈሰው ጣሪያ ላይ ነው፤ እዚህ ሂፕ ሩፍ የሚሉት ማለት ነው። የአዲስ አበባን የድሮ ቤቶች፣ እነዚያን ሰፊ በረንዳ ያላቸውን ባለ ቆርቆሮ ክዳን የሚያስታውስ ሰው ይህን ጣሪያ ያውቀዋል። ጥቅሙም የመልክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1992 አንድሩ የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ ደቡብ ፍሎሪዳን ሲመታ፣ ጉዳቱን የመረመሩ ባለሙያዎች ባለ አራት ጎን ጣሪያዎች ከባለ ሁለት ጎኖቹ በተሻለ እንደቆሙ ተመልክተዋል። ዛሬም በፍሎሪዳ እንዲህ ያለ ጣሪያ ያለው ቤት በኢንሹራንስ ክፍያው ላይ ቅናሽ ያገኛል።

በዚህ ጣሪያ ላይ ሦስት ዓይነት ወራጅ አለ። አንደኛው ከግድግዳው ተነሥቶ ጫፍ ላይ እስከተጋደመው እንጨት፣ ማለትም እስከ ሪጁ፣ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ተራ ወራጅ ነው። ሁለተኛው ከቤቱ ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ሪጁ ጫፍ የሚወጣው የማዕዘን ወራጅ ነው፤ አራት ናቸው። ሦስተኛው ከግድግዳው ተነሥቶ ሪጁ ጋ ሳይደርስ የማዕዘኑ ወራጅ ላይ የሚቆመው አጭር ወራጅ ነው፤ ፈረንጆቹ ጃክ ይሉታል።

17 ከየት መጣ?

ለምሳሌ ስፋቱ 24 ጫማ፣ ርዝመቱ 36 ጫማ የሆነ ቤት እንውሰድ። ተዳፋቱ በየ12 ኢንቹ 6 ኢንች ይነሣ።

የተራው ወራጅ አግድም ርቀት የስፋቱ ግማሽ፣ 12 ጫማ ነው። ለአንድ ጫማ አግድም ሰያፉ ስንት ነው? 12 በ12 ሲባዛ 144፣ 6 በ6 ሲባዛ 36፣ ድምሩ 180፤ የዚህ ስኩዌር ሩት 13.416 ኢንች ነው። ይህን በ12 ጫማ ስናባዛ 161 ኢንች፣ ማለትም 13 ጫማ ከ5 ኢንች ይሆናል። እስከዚህ ማንም አይሳሳትም።

አሁን ወደ ማዕዘኑ እንሂድ። ከላይ ወደ ታች ቁልቁል ለሚያይ ሰው የማዕዘኑ ወራጅ ጎኑ 12 ጫማ የሆነን አራት ማዕዘን ከጥግ እስከ ጥግ የሚያቋርጥ መስመር ነው። ስለዚህ ተራው ወራጅ 12 ኢንች ወደ ውስጥ ሲገባ የማዕዘኑ ወራጅ 16.97 ኢንች ይጓዛል። አናጢዎች ይህን አጠጋግተው 17 ይሉታል። የቁጥሩ ምሥጢር ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።

ልብ በሉ፤ አግድም ርቀቱ ረዘመ እንጂ ከፍታው አልተለወጠም። ሁለቱም ወራጆች አንድ ሪጅ ላይ ነው የሚደርሱት። ስለዚህ ሒሳቡ 144 ሲደመር 144 ሲደመር 36 ነው፤ 324 ይመጣል፤ ስኩዌር ሩቱም ልክ 18 ነው። በየአንዳንዱ ጫማ 18 ኢንች ማለት ለ12 ጫማ 216 ኢንች፣ ማለትም 18 ጫማ ድፍን።

ብዙ የተማረ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። «ማዕዘኑ 45 ዲግሪ ከሆነ የተራውን ወራጅ ርዝመት በ1.414 ማባዛት ይበቃል» ይላል። 161ን በ1.414 ቢያባዛ 227 ኢንች ተኩል ያልፋል፤ ከትክክለኛው አንድ ጫማ ገደማ የበለጠ ማለት ነው። ስሕተቱ ከፍታውንም አብሮ ማብዛቱ ነው።

ደግሞም 17ን ለምን እንደምንጠቀምበት እንለይ። 17 ለማዕዘን መሥመሪያ ጥሩ ነው፤ ለርዝመት ግን 16.97ን መያዝ ይሻላል። በ17 ያሰላ ሰው በዚህ ቤት ላይ የኢንች ሢሶ ያህል ይተርፈዋል። በአናጢ ዓይን የኢንች ሢሶ ብዙ ነው።

እንጨቱ ላይ እንዴት ይሠመራል?

አገር ቤት ስኳድራ የምንለው፣ እዚህ ፍሬሚንግ ስኩዌር የሚባለው ብረት ረጅሙ ክንዱ 24 ኢንች፣ አጭሩ 16 ኢንች ነው። ለተራው ወራጅ ከረጅሙ ክንድ ላይ 12ን፣ ከአጭሩ 6ን በእንጨቱ ጠርዝ ላይ ያሳርፉ። በአጭሩ ክንድ በኩል የሚሠመረው የቱንቢው ቁርጥ ነው፤ ጣሪያው ላይ ሲወጣ ቀጥ ብሎ የሚቆመው። በረጅሙ በኩል የሚሠመረው ደግሞ ግድግዳው ላይ በውሃ ልክ የሚያርፈው ነው። ለማዕዘኑ ወራጅ አሠራሩ ያው ሆኖ 12 በነበረበት 17ን መያዝ ብቻ ነው፤ 6 ከቦታው አይነቃነቅም። የተራው ወራጅ ተዳፋት 26 ዲግሪ ተኩል ገደማ ሲሆን የማዕዘኑ 19 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። የማዕዘኑ ረዘም ያለና ተኛ ያለ ነው ማለት ነው።

በብዙዎቹ ስኳድራዎች ላይ የተቀረጹ ትንንሽ ቁጥሮች አሉ። ብዙው ሠራተኛ ጌጥ ይመስሉታል። በ6 ኢንች ሥር ከላይ ወደ ታች ቢያነቡ መጀመሪያ 13.42ን፣ ቀጥሎ 18ን ያገኛሉ። ከላይ ያሰላነው ሁሉ ተሠልቶ በእጅ ተይዟል፤ የጠፋው የሚያነበው ነው።

ርዝመቱ የሚለካው ከላይኛው የቱንቢ መስመር ግድግዳው ላይ እስከሚያርፍበት የቱንቢ መስመር ነው። ከዚያ በኋላ አራት ማስተካከያ አለ።

አንደኛ፣ የሪጁ ውፍረት 1 ኢንች ተኩል ከሆነ ተራው ወራጅ ከላይ የውፍረቱን ግማሽ፣ 3/4 ኢንች ይቀነስለታል። የማዕዘኑ ወራጅ በሰያፍ ስለሚመጣ የሚቀነስለት 1 ከ1/16 ኢንች ነው። ሁለቱም ከቱንቢው መስመር በቀጥታ ወደ ጎን ይለካሉ። የማዕዘኑ ወራጅ ጫፍ ከሁለቱም ወገን መጋዙን 45 ዲግሪ አጋድሞ በመቁረጥ እንደ ጦር ይሾላል።

ሁለተኛ፣ ግድግዳው ላይ የሚያርፍበት ጉርጥ አለ፤ እንግሊዝኛው የወፍ አፍ ይለዋል። ከጉርጡ በላይ የሚቀረው እንጨት በቱንቢው መስመር ላይ ሲለካ በተራውና በማዕዘኑ ወራጅ እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆነ አንዱ ጎን ከሌላው ከፍ ይልና ክዳኑ ያብጣል።

ሦስተኛ፣ የማዕዘኑ ወራጅ ሁለት ተዳፋቶች በሚገናኙበት ላይ ስለሚቆም የላይኛው ጠርዞቹ ከክዳኑ በላይ ብቅ ይላሉ። መድኃኒቱ ሁለት ነው፤ ወይ ጠርዞቹን በሰያፍ መላግ፣ ወይ የወፍ አፉን ጥልቀት ጨምሮ እንጨቱን ዝቅ ማድረግ። በእኛ ምሳሌ ዝቅ የሚለው ሩብ ኢንች ያህል ነው። አለቃው እንጨት አምጡ ብሎ ሰው በሚልክበት ሰዓት ከሚሠራቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

አራተኛ፣ ከግድግዳ ውጭ የሚንጠለጠለው ጫፍ አለ። ለአንድ ጫማ አግድም ተራው ወራጅ 13.4 ኢንች ሲጨመርለት ማዕዘኑ 18 ኢንች ይጨመርለታል። ስለዚህ የማዕዘኑ ወራጅ በጠቅላላው 19 ጫማ ተኩል ይሆናል፤ ባለ 20 ጫማ እንጨት ማዘዝ ነው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የሚሠራበት የመኖሪያ ቤት ኮድ የማዕዘኑ ወራጅ ቁመት ከተራው ወራጅ የተቆረጠ ጫፍ እንዳያንስ ስለሚያዝ፣ ተራው ቱ ባይ ሲክስ ከሆነ ማዕዘኑ ቱ ባይ ኤይት ይሁን።

አጭሮቹ ወራጆች

ወራጆቹ በየ16 ኢንቹ የሚቆሙ ከሆነ እያንዳንዱ አጭር ወራጅ ከጎረቤቱ በ17 ከ7/8 ኢንች እያነሰ ይሄዳል። 16ን በ12 አካፍሎ በ13.416 ማባዛት ነው፤ ይህም ቁጥር ስኳድራው ላይ ተጽፏል። ከ161 ተነሥተን ስንቀንስ 143፣ 125፣ 107፣ 89 እያልን ወደ 18 ኢንች ገደማ እንወርዳለን። ስምንት ዓይነት ርዝመት ማለት ነው። ከእያንዳንዱም የማዕዘኑ ወራጅ ውፍረት ግማሽ በሰያፍ፣ 1 ከ1/16 ኢንች ይቀነሳል። በአራቱ ማዕዘን ግራና ቀኝ ሲቆጠር በጠቅላላው 64 አጭር ወራጅ ያስፈልገናል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያስተውሉ። አንደኛው፣ አጭሩ ወራጅ የሚሠመረው በ12 እና በ6 እንጂ በ17 አይደለም፤ ተዳፋቱ የተራው ወራጅ ነውና። በቱንቢው መስመር ላይ መጋዙ 45 ዲግሪ ይጋደማል። ሁለተኛው፣ ከስምንቱ እኩል ወራጆች አራቱ የግራ፣ አራቱ የቀኝ ናቸው፤ እንደ ጫማ ጥንድ ማለት ነው። 64ቱንም በአንድ ወገን ቆርጦ የጨረሰ ሰው ግማሹን ለማገዶ ቆርጧል።

የቁጠባ ዘዴም አለ። የረጅሙና የአጭሩ፣ የሁለተኛውና የሰባተኛው፣ እንዲህ እያሉ ጥንድ ጥንዱ ሲደመሩ ሁልጊዜ 161 ኢንች ይሆናሉ። የሁለቱም ጫፍ በአንድ ጫማ ሲንጠለጠል 188 ኢንች ገደማ ይደርሳል። ባለ 16 ጫማ እንጨት 192 ኢንች ስለሆነ በጥንቃቄ ከተቆረጠ ከአንዱ ሁለት ወራጅ ይወጣል። 64ቱ ወራጅ ከ32 እንጨት ወጣ ማለት ነው። ለኪ ከተሸካሚ የበለጠ የሚከፈለው ለዚህ ነው፤ እንጨት ያተርፋል።

ሳይቆረጥ በፊት

«አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለው የአባቶች ምክር እዚህ ይሠራል። መጀመሪያ ግድግዳው ራሱ ልክ መሆኑን ከጥግ እስከ ጥግ ይለኩ። 24 በ36 የሆነ ቤት ሁለቱም ሰያፎቹ 43 ጫማ ከ3 ከ3/16 ኢንች መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ስሕተቱ ከታች ነው፤ የማዕዘን ወራጅ የጠመመ ቤት አያቃናም። ቀጥሎ አንድ ጥንድ ተራ ወራጅ ብቻ ቆርጠው አቁመው ይሞክሩ፤ ከተስማማ እሱን መለኪያ አድርገው የቀሩትን ይቁረጡ። የማዕዘኑንም አንዱን ቆርጠው በአራቱም ጥግ ይሞክሩት። ሲያቆሙ ደግሞ ትይዩዎቹን ጥንድ ጥንድ ያቁሙ። አጭሮቹንም ከግራና ከቀኝ እኩል ካልቸነከሩ የማዕዘኑን ወራጅ ገፍተው ያጎብጡታል።

በአውሮፓና በዓረብ አገሮች ያላችሁ በኢንች አትቸገሩ። ስፋቱ 6 ሜትር ለሆነ ቤት አግድሙ 3 ሜትር፣ ከፍታው 1.5 ሜትር ነው። ተራው ወራጅ 3.354 ሜትር፣ የማዕዘኑ ልክ 4.5 ሜትር ይሆናል። በየ60 ሳንቲ ሜትሩ የሚቆሙ አጭር ወራጆች በ67 ሳንቲ ሜትር እያነሱ ይሄዳሉ። ተዳፋቱ ሌላ ከሆነም ዘዴው አይለወጥም። በየጫማው 4 ኢንች ለሚነሣ ጣሪያ ተራው 12.65፣ የማዕዘኑ 17.44 ኢንች ነው፤ ለ8 ኢንች 14.42 እና 18.76፤ ለ12 ኢንች ደግሞ 16.97 እና 20.78።

«ዛሬ ይህን ማን ይሠራል?»

«በአሁኑ ጊዜ ጣሪያ ከፋብሪካ ተገጣጥሞ አይመጣም ወይ? ቁጥሩንስ ስልኩ አይነግረንም ወይ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በአሜሪካ አዳዲስ ቤቶች ላይ አብዛኛው ጣሪያ በፋብሪካ ተሠርቶ ነው የሚመጣው። ነገር ግን አሮጌ ቤት ላይ ክፍል ሲጨመር፣ በረንዳ ሲሠራ፣ የተቃጠለ ወይም የበሰበሰ ጣሪያ ሲጠገን እንጨቱ አሁንም እዚያው ቦታ ላይ ነው የሚለካው። ትንሽ ሥራ ተቋራጭ ሆኖ ራሱን ለመቻል ለሚፈልግ ወገን ደግሞ በሩ ያለው እዚህ ነው። ስልኩም 18 ጫማ ይላል እንጂ ከየትኛው መስመር እስከ የትኛው መስመር እንደሚለካ አያሳይም።

ከሒሳቡ ይልቅ የሚከብደን ሌላ ነገር ያለ ይመስለኛል። ከአገር ይዘን የመጣነው የእጅ ሙያን የመናቅ ልማድ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ አንጥረኛውን፣ ሸማኔውንና ሌላውን ባለ እጅ በሙያው መስደብን ከልክለው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ከእኛ ጋር ፓስፖርት አውጥቶ ተሰደደ። ዲግሪ ያለው ወገናችን መኪና ማቆሚያ ውስጥ በር ሲከፍት «ለጊዜው ነው» ይላል፤ ለጊዜው ስለሆነም ሥራውን አይማረውም። አሥር ዓመት በ«ለጊዜው» ያልፋል። አናጢነትንም ለጊዜው የያዘው እንደዚሁ እንጨት እንደተሸከመ ይኖራል። በየድርጅቶቻችንም ቢሆን ሁሉም ሪጅ ሆኖ ከላይ መጋደም ነው የሚፈልገው፤ ማዕዘን ላይ ቆሞ የሁለት ወገን ክብደት የሚሸከም ግን ስንፈልግ ውለን እናድራለን።

ለደብዳቤው ባለቤትና ለመሰሎቹ የምንለው ይህ ነው። የሒሳብ መምህር የነበሩ ለኪ ለመሆን ከአለቃው ይልቅ ይቀርባሉ። ትምህርቱን ከአገር ይዛችሁት መጥታችኋል፤ የጎደለው እንጨቱ ላይ ማሳረፍ ነው። ለዚህ የማንንም ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልግም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንድ ካርቶን ይዘርጉ። አንድን ጫማ በግማሽ ኢንች መጥነው 12 በ18 ኢንች የሆነ ቤት ይሥሩ። ሪጁ 6 ኢንች ይሁን፣ ከግድግዳው ጫፍም 3 ኢንች ከፍ ይበል። ተራው ወራጅ 6.7 ኢንች፣ የማዕዘኑ 9 ኢንች ይሆናል። አራቱ ማዕዘኖች ሪጁ ላይ ገጥመው ካረፉ ሰኞ ጠዋት አለቃው እንጨት አምጣ ሲልዎ እንጨቱን ያምጡ፤ ከዚያም «ይህኛውን እኔ ልለካው» ብለው እርሳስዎን ያውጡ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ጣሪያዎች ወደ ውስጥ በሚገናኙበት፣ ውሃ በሚወርድበት ሸለቆ ላይ እንመለሳለን። እዚያም ያው 17 ይጠብቀናል።

እስከዚያው ቸር ይግጠመን።